በብርድ ማለዳ አልነሣ ስለሚል የናፍጣ መኪና

የቤተ ሰብን አሳብ ከሚያናውጡት ነገሮች አንዱ፥ በቸኮሉበት ማለዳ አልነሣ የሚል መኪና ነው፤ ይልቁንም በደጋ አገር። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2700 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተቀመጠ ከተማ ነው። ገሳይም ከ4000 ሜትር በላይ ለሚሆነው ለጉና ተራራ ቅርብ ስለ ሆነ፥ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ በደጅ ያደረ ሞተር እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ይገኛል። ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ማድረስ ሲያስፈልግ ይህ የነፍስ ጉዳይ ነው። ስለዚህ የቤቱ ጌታም እመቤቲቱም ምክንያቱን ቢያውቁ መልካም ነው።

ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ በ1889 ዓ.ም. (በአውሮጳ አቆጣጠር በ1897) ሠርቶ ያሳየው ሞተር የእሳት ፍንጣሪ አያስፈልገውም። አየሩ በኃይል ሲጨመቅ ራሱ ይግላል፤ በጋለው አየር ውስጥ የሚረጨው ናፍጣም ይቀጣጠላል። ዳሩ ግን በደጋ ሁለት ጠላት አለበት። አንደኛው፥ የቀዘቀዘው ብረት ሙቀቱን ይቀማዋል። ሁለተኛው፥ አየሩ ስስ ነው፤ በደብረ ታቦር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከሦስት አራተኛው አይበልጥም። ይህን ጉድለት የምትሞላው በየሲሊንደሩ የተተከለች፥ እንደ እርሳስ የቀጠነች የማሞቂያ ካንዴላ ናት። ከባትሪ ኤሌክትሪክ ተቀብላ በጥቂት ሰከንድ ጫፏ እንደ ፍም ይቀላል።

ሞተሪኖው በደኅና እያዞረ ሞተሩ ነጭ ጭስ ብቻ የሚተፋ፥ ፀሐይ ሲሞቅ ግን የሚነሣ እንደ ሆነ፥ ጥርጣሬው በማሞቂያው ላይ ይወድቃል። በዚህ ጊዜ አራቱን ካንዴላ ባንድነት በአዲስ የሚለውጥ ሰው አለ። ጥፋቱ በሽቦው ከሆነ ግን ገንዘቡ ባከነ፤ መኪናውም በማግሥቱ እንደ ቀድሞው ነው። ምስክር ሳይሰማ የሚፈርድ ዳኛ እንደማይመሰገን፥ ሳይመረምር ዕቃ የሚለውጥም እንዲሁ ነው። አባቶቻችን «ነገር ከሥሩ፥ ውሃ ከጥሩ» ያሉት ለዚህም ይሠራል።

የነገሩ ሥር ባትሪው ነው። ያረፈና የሞላ የ12 ቮልት ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ቁልፉን ወደ ማሞቂያው ሲያዞር፥ ሌላው በቮልት መለኪያ መንገዱን ተከትሎ ይመርምር፦ መጀመሪያ ፊውዙን፥ ቀጥሎ የሪሌዩን መውጫ፥ በመጨረሻም ካንዴላዎቹን ባንድ የሚያያይዘውን ዝርግ ብረት። ባትሪው 11.5 ቮልት እያሳየ ዝርጉ ብረት 8 ብቻ ቢያሳይ፥ 3.5 ቮልት በመንገድ ተበልቷል ማለት ነው። ቁጥሩ በወደቀበት ሥፍራ ጥፋቱ አለ።

ሐሰተኛ ምስክሮችን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የክሩስኮቱ መብራት በርቶ መጥፋቱ ካንዴላዎቹ መጋላቸውን አያስረዳም። የሪሌዩም «ጠቅ» ማለት ኤሌክትሪክ ማሳለፉን አያረጋግጥም፤ የውስጥ መገናኛው ተቃጥሎ ሊሆን ይችላልና። ትንሽ መፈተሻ አምፑልም እንዲሁ ያታልላል። አምፑሉ የሚሻው ጥቂት ነው፤ አራት ካንዴላዎች ግን ባንድነት ብዙ ዐሥር አምፔር ይጠጣሉ። ከክሮቹ አንዱ ብቻ የቀረለት ሽቦ አምፑሉን ያበራል፥ ካንዴላዎቹን ግን አይመግብም።

ኤሌክትሪኩ ሳይጎድል ከደረሰ፥ ዝርጉን ብረት አውልቆ እያንዳንዷን ካንዴላ ለብቻ በኦም መለካት ነው። ብዙዎቹ ደኅና ካንዴላዎች ከጥቂት ኦም አይበልጡም፤ መለኪያው ምንም መተላለፊያ ካላገኘ ያቺ ካንዴላ ተቃጥላለች። ከባትሪ ወደ ሞተር የሚሄደው የማሳ ሽቦም አይዘንጋ። ማሞቂያቸው በኮምፒዩተር የሚታዘዝ አዳዲስ መኪኖች ግን የቮልታቸው ሥርዓት ልዩ ስለ ሆነ ለዐዋቂ መካኒክ ይተዉ።

ጥገናው ቀላል ነው። የባትሪውን ኔጋቲቭ መፍታት፥ የዛገውን መጋጠሚያ በብርጭቆ ወረቀት ማጽዳት፥ የተበላውን ሽቦ ንጹሕ መዳብ እስኪታይ ቆርጦ ውፍረቱ እኩል በሆነ ሽቦ መተካት፥ ከጋለ ብረትም አርቆ ማሰር ነው።

የሚከለከለውም ይህ ነው፦ በፊውዝ ፈንታ ሽቦ መጠምዘዝ፥ ከመኪናው ሥር እሳት ማንደድ፥ ካንዴላዎቹ በጋሉበት ጊዜ በአየር መሳቢያው ኤተር መርጨት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መኪናውን ከነቤቱ ያቃጥላሉ፤ ሦስተኛው ሞተሩን ይሰብራል፥ ሰውንም ይጎዳል። ከ12 ቮልት በታች የተሠራችውን ካንዴላ በቀጥታ ከባትሪ ማገናኘትም ማቃጠል ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት አሠርተው በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ያስጎተቱት ሴባስቶፖል የተሠራው በዚሁ በደብረ ታቦር አጠገብ ነውና፥ ለዚህ አገር ሰው ብረትን መመርመር እንግዳ ሥራ አይደለም። ስለዚህ ባለመኪና የሆነ ሁሉ ይህን ምርመራ በጥቅምት፥ ውርጩ ሳይጠነክር ይፈጽም። «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በርጥቡ» ነውና፥ በሽተኛ ተሸክሞ በሌሊት ከሚፈለግ መካኒክ በቀን የተፈተሸ ሽቦ ይሻላል።