«ታላቅ ቅናሽ» ከምን ላይ?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ስለ ዋጋ ቅናሽ ያለኝን አሳብ በአንባቢዎች ዓምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በዓል በተቃረበ ቁጥር በየሱቁ መስኮትና በየባዛሩ በር «ታላቅ ቅናሽ» የሚል ጽሕፈት በትልልቅ ፊደል ይለጠፋል። ነጋዴ ዋጋ መቀነሱ የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስወቅሰው አይደለም፤ ወቅቱ ያለፈበትን ዕቃ ከመደርደሪያ ያነሣበታል፣ ገንዘቡንም ለአዲስ ዕቃ ያዞርበታል። ደመወዙ ከወር ወር ለማይደርሰው ሠራተኛም እፎይታ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የቀድሞው ዋጋ በውል የማይታወቅበት ቅናሽ ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ በ2,000 ብር ሲሸጥ የቆየ የልጅ ጫማ በዓሉ ሲቃረብ 2,800 ብር ተብሎ ይጻፍበትና 30 በመቶ ተቀንሶለታል ቢባል፣ ገዢው የሚከፍለው 1,960 ብር ነው። 840 ብር ቀረልኝ ብሎ ደስ ይለዋል፤ በእውነቱ ግን የቀረለት 40 ብር ብቻ ነው። ዓይናችን የተሰረዘውን ዋጋ መለኪያ አድርጎ ስለሚይዝ፣ ያላሰብነውን ዕቃ ሁሉ ተሸክመን እንገባለን። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ማለት ይህ ነው።

የተሰረዘ ዋጋ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ጄሲ ፔኒ የተባለው የአሜሪካ የመደብሮች ኩባንያ ቀምሶታል። እ.ኤ.አ. በ2012 የዘወትሩን ቅናሽና ኩፖን አብዛኛውን ትቶ፣ በየቀኑ የማይለዋወጥ ዝቅ ያለ ዋጋ ልጻፍ ቢል፣ በዚያው ዓመት ሽያጩ በሩብ ያህል ወረደ። ደንበኛው «ተቀንሷል» የሚለውን ቃል ለምዶት ኖሯል።

የአውሮፓ ኅብረት ግን ለዚህ ነገር ሕግ አበጅቶለታል። እ.ኤ.አ. ከሜይ 28 ቀን 2022 ጀምሮ፣ ቅናሽ የሚያስታውቅ ነጋዴ ከዚያ በፊት በነበሩት 30 ቀኖች ውስጥ ከጠየቀው ዋጋ ዝቅተኛውን አብሮ እንዲገልጽ በመሠረቱ ታዟል። በእኛም አገር በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ ዋጋውን እንዲለጥፍ ደንግጓል። እንግዲህ የሚመለከተው ክፍል «ቅናሽ» በሚል ጽሕፈት ሥር ያለፈው ወር ዋጋ ከነቀኑ እንዲጻፍ ቢያዝ፣ ቅን ነጋዴ የሚጎዳበት ነገር አይኖርም፤ እንዲያውም ከአታላዩ ይለይበታል።

እስከዚያው ድረስ ባልደረቦቼ የመንግሥት ሠራተኞች ከበዓሉ አንድ ወር ቀደም ብለው የሚያስፈልጋቸውን ዕቃ ከነዋጋው በማስታወሻ ይያዙ። በዓሉ ሲደርስ ቅናሹን ከማስታወሻቸው ጋር ያመሳክሩ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ