ስለ አሮጌ ሞተር ምርመራ

በዚህ ወር ስለ መኪና እንድንጽፍ ያነሣሡን በሰቆጣ አጠገብ የሚኖሩ አንድ ጎረቤታችን ናቸው። እኚህ ሰው ከእርሻቸው ሌላ ማርና እህል ወደ ገበያ የሚያመላልሱበት አሮጌ የቤንዚን መኪና አላቸው። ባለፈው ጥር ወደ ቤታችን መጥተው፣ «መምህር፣ ሞተሩ አልቆለታል ብለውኛል፤ በሬዎቹን ሸጬ ላሳድሰው ነው» አሉን። ይህን ስንሰማ አዘንን፤ በሬውን የሸጠ ገበሬ ክረምት ሲገባ በምን ያርሳል? ስለዚህ «ጥቂት ይታገሡ፤ አስቀድመን ሞተሩን ራሱን እንጠይቀው» ብለናቸው፣ በማግሥቱ ማለዳ ሞተሩ ሳይነሣ ደረስን።

በመጀመሪያ መኪናው በደልዳላ ስፍራ እንደ ቆመ፣ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ አውጥተን ጠርገን መልሰን ከተትነው። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ነበረ። ዘይት ሲውል ሲያድር ቢጠቁር አያስደነግጥም፤ ወተት እንደ ገባበት ቡና ከሆነ ግን ውሃ ተቀላቅሎበታልና ሞተሩን ማስነሣት አይገባም። ቀጥሎም የራዲያተሩን ክዳን ከፈትን፤ ይህም ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ የሚደረግ ነው፤ የፈላው ውሃ ገንፍሎ ፊትን ያቃጥላልና። በውሃው ላይ የተንሳፈፈ ዘይት አላየንም።

ከዚህ በኋላ ሞተሩን አስነሥተን ጢሱን ተመለከትን። ጢሱ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማያቋርጥ ወፍራም ነጭ ከሆነ ውሃ ወደ ሲሊንደሩ እየገባ ነው፤ ጥቁር ከሆነ ቤንዚኑ በዝቶአል ወይም አየሩ አንሶአል። በብርድ ማለዳ ለጥቂት ደቂቃ የሚታየው ስስ ነጭ እንፋሎት ግን ሕመም አይደለም። የጎረቤታችን መኪና ጢስ ጥቁር ነበረ። ከሞተሩ ሆድ ከባድ ኳኳታ ቢሰማ ኖሮ ወዲያው ባጠፋነው ነበር፤ ነገር ግን አልተሰማም።

ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የእሳቱን ሽቦ ነቅለን፣ ካንዴላዎቹን ሁሉ ፈታን። ደረቅ ጥላሸት ለብሰው ነበር እንጂ ዘይት አልነካቸውም። በተዋስነው የግፊት መለኪያ፣ የቤንዚኑ ፔዳል እስከ መጨረሻው ተረግጦ፣ ሲሊንደሮቹን በየተራ ለካን። የመኪናው መጽሐፍ 12 ባር ሲል፣ እኛ ያገኘነው 9.4፣ 9.3፣ 9.4 እና 9.2 ነው። ሞተሩ አልቆአል የተባለውም በዚሁ ቁጥር ኖሮአል።

ነገር ግን መጽሐፉ የሚናገረው በባሕር ወለል ላይ ስላለው አየር ነው። ሰቆጣ 2,200 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፣ የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሞተርም የሚጨምቀው ያገኘውን አየር ነውና፣ በደጋችን ልኬቱ ከመጽሐፉ በአንድ አምስተኛ ያህል ቢያንስ አያስደንቅም። ስለዚህ ሲሊንደሩን ከመጽሐፉ ጋር ሳይሆን ከወንድሞቹ ጋር ማስተያየት ይገባል። አንዱ ብቻ በጣም ካነሰ፣ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ነው፤ ከፍ ካለ የፒስተኑ ፋሻ አልቆአል፤ ካላለ ግን ጉዳቱ ከቫልቩ ወይም ከቴስታታው ጓርኒሲዮን ይሆናል። የጎረቤታችን አራቱም ሲሊንደሮች ተቀራራቢ ናቸው፤ ሰማያዊ ጢስም የለ፤ ዘይትም አይጎድል።

እንግዲህ ጥቁሩ ጢስ ከየት መጣ? የአየሩን ማጣሪያ ብናወጣው በመንገዱ አቧራ ተደፍኖ አገኘነው። በአዲስ ሲለወጥ ጢሱ ሳሳ፤ መኪናውም ዳገቱን እንደ ቀድሞው ወጣ። በሬዎቹም ከበረታቸው አልወጡም።

አሮጌ መኪና ያላችሁ አባወራዎችና እማወራዎች ሆይ፤ አንድ ደብተር ግዙና የጨመራችሁትን ዘይት፣ የጢሱን ቀለምና የሲሊንደሮቹን ልኬት ከነቀኑ ጻፉ። በሚመጣው ዓመት ሞተራችሁ መድከም አለመድከሙን የምትመሰክርላችሁ ያች ደብተር ናት።