ሽጉጡ ከትራስ ስር ይውጣ!

በማርች 27/2022 እዚሁ ሃዴራ፣ ኸርበርት ሳሙኤል መንገድ ላይ ሁለት ታጣቂዎች ሁለት ወጣት ፖሊሶችን ገደሉ። ገዳዮቹን የጣሏቸው አጠገቡ ምግብ ቤት የነበሩ የሠለጠኑ ፖሊሶች ናቸው። ከኦክቶበር 7 ወዲህ ደግሞ ብዙ ሰው የሽጉጥ ፈቃድ አወጣ። ይሁን፣ አልቃወምም።

ግን አንዳንዱ "ጠላት በሌሊት ቢመጣስ?" እያለ ትራሱ ስር ያኖረዋል። ልጁ ቀድሞ ቢያገኘውስ? ባልና ሚስት ሲጣሉ እጅ ላይ ቢገኝስ? ጎንደር ጠመንጃ የወንድ ጌጥ ነበር፤ እዚህ ግን አደራ ነው። ሕጉም ካልታጠቅኸው ካዝና ውስጥ ቆልፈው ይላል። መቆለፍ የከበደው ፈቃዱን ይመልስ!

እናቶች፣ አባቶች፣ የታጠቀ ልጃችሁን ዛሬውኑ ጠይቁት፦ "ልጄ፣ ሽጉጥህ ማታ የት ነው የሚያድረው?" ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም።