ጊጋችንን ማን በላው?

16 ጊጋ ብለን የገዛነውን ፍላሽ ኮምፒውተር ላይ ስንሰካው «14.9» ይለናል። ከመካከላችን ይህን አይቶ ሻጩን በልቡ ያልረገመ የለም። ተመልሰን ብንጠይቀውም መልሱ አንድ ነው፤ «የሲስተሙ ነው፤ የቀረውን ሲስተሙ ይይዘዋል።» እኛ እሱን ሌባ፣ እሱ እኛን ጨቅጫቃ ብለን እንለያያለን። እውነቱን ለመናገር ሁለታችንም ተሳስተናል፤ እሱም አልሰረቀም፣ ሲስተሙም ያን ያህል አልያዘም።

ነገሩ የቆጠራ ነው። የፍላሽ አምራቾች ኪሎን የሚቆጥሩት ጤፍ ነጋዴው እንደሚቆጥረው ነው፤ ኪሎ ሺህ፣ ሜጋ ሚሊዮን፣ ጊጋ ቢሊዮን። 16 ጊጋባይት ብለው 16 ቢሊዮን ባይት ሰጥተውናል። ዊንዶውስ ግን ኪሎውን 1,024 አድርጎ ስለሚጀምር አንዷን ጊጋ 1,073,741,824 ባይት ያደርሳታል። 16 ቢሊዮንን ለዚህ ቁጥር አካፍሉት፤ 14.9 ይመጣል። አንዲት ባይት አልጠፋችም። ልዩነቱ በኪሎ ደረጃ 2.4 በመቶ ብቻ ስለነበር ዱሮ ብዙ ሰው አላስተዋለውም፤ በጊጋ 7.4፣ በቴራ ግን ወደ 10 በመቶ ይጠጋል። የ1 ቴራ ሃርድ ዲስክ የገዛ ሰው 931 ጊጋ ሲያይ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

1,024ም ቢሆን ከሰማይ አልወረደም። ራም ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ቦታ የሚጠራው በአድራሻ ሽቦዎች ነው፤ አንድ ሽቦ በተጨመረ ቁጥር የቦታው ብዛት እጥፍ ይሆናል፣ በ10 ሽቦ 1,024 ይደርሳል። ለራም ተገቢ መለኪያ ነው። ጠባችን ከቁጥሩ ጋር ሳይሆን ከስሙ ጋር ነው። ቡና ነጋዴ በፈረሱላ ይመዝናል፤ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፤ ፈረሱላውን ግን «ኪሎ» ብሎ አይጠራውም። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን በ1998 (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) ለዚህ ቆጠራ የራሱን ስም አውጥቶለታል፤ ኪቢ፣ ሜቢ፣ ጊቢ። (ጊቢ ሲባል አጥር ያለው ግቢ ትዝ ካላችሁ ብቻችሁን አይደላችሁም።) አፕል በ2009 ኮምፒውተሮቹን ወደ ሺህ ቆጠራ አዞረ። ማይክሮሶፍት ግን ዛሬም በጊቢ ቆጥሮ «ጊጋ» ብሎ ይጽፋል። የሚያስቀው፣ በአሜሪካ ፍርድ ቤት የተከሰሱት ዲስክ አምራቾቹ ናቸው፤ ዌስተርን ዲጂታል በ2006፣ ሲጌት በ2007 ክሱን በስምምነት ዘጉ። ልኩን የጻፈው ተከሰሰ፣ ስሙን ያምታታው ቁጭ ብሎ አየ።

ይህን ሁሉ ያልነው ግን ሻጮችን ሁሉ ነጻ ለማውጣት አይደለም። በ1.1 ጊጋ ስንጨቃጨቅ ትልቁ ሌባ በጎናችን እያለፈ ነው። «2 ቴራ» ተብሎ በአንድ ምሳ ዋጋ የሚሸጠውን ፍላሽ ማለታችን ነው። ውስጡ ያለው ቺፕ 8 ወይም 16 ጊጋ ሊሆን ይችላል፤ መቆጣጠሪያው ግን ኮምፒውተሩን እንዲዋሽ ሆኖ ተስተካክሏል። ኮምፒውተሩም ያምነዋል። ስንገለብጥ ይቀበላል፣ የፋይሉ ስም ይታያል፣ መጠኑም ይታያል። እውነተኛው ቦታ ካለቀ በኋላ የመጣው ግን ወይ የትም አይጻፍም፣ ወይ በቀድሞው ላይ ይጻፋል። ይህን የምናውቀው ከወራት በኋላ ልንከፍተው ስንሞክር ነው። ያኔ ጥፋተኛው ማን ይባላል? ቫይረስ! ከዚያ ፎርማት ይደረጋል፤ ፎርማት ደግሞ ውሸቱን አያጠፋውም፣ ፍላሹ እንደገና ተነስቶ «2 ቴራ ነኝ» ይላል።

የሚያናድደው ደግሞ የሚጠፋብን ነገር ትንሽነት ነው። አንዲት የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ትወስዳለች። የ100 ገጽ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ በገጽ 2,000 ፊደል ብንል፣ 600,000 ባይት ነው፤ አንድ ሜጋ እንኳ አይሞላም። በ2000 ገበያ የወጡት ባለ 8 ሜጋ ፍላሾች ከአስር ጊዜ በላይ ይይዙት ነበር። ይህችን ታህል ጽሑፍ ይዘን 2 ቴራ ስናሳድድ፣ የአራት ዓመት ድካማችንን ለማይታመን ዕቃ አደራ ሰጥተን እንመለሳለን። ርካሽ ሲያዩ ዓይን መጨፈን የእኛም ጥፋት ነው፤ አንክድም።

የምንጠይቀው ግን ቀላል ነው። ስልክ ስንገዛ ሲም አስገብተን፣ ደውለን፣ ከዚያ ነው ብር የምንቆጥረው። ፍላሽ ላይ ሲደርስ ይህ መብት ለምን ይቀራል? ኤች2ቴስትደብሊው የሚባል ነጻ ፕሮግራም ፍላሹን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ያነበዋል፤ ሊኑክስ ያለው ኤፍ3ን ይጠቀም። ገልብጦ ማየት ብቻ አይበቃም፣ ዋናው መልሶ ማንበቡ ነው። በሰከንድ 20 ሜጋ የሚጽፍ ፍላሽ 16 ጊጋ ለመሙላት 13 ደቂቃ ግድም ይበቃዋል፤ እውነተኛ 2 ቴራ ቢሆን ግን ከ27 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሻጩ «እስከ ነገ አልጠብቃችሁም» ቢል አንፈርድበትም። እንግዲያው 16ቷን ይስጠን፤ ሞልቶ መልሶ እስኪያነባት ሱቁ በር ላይ ቆመን እንጠብቃለን።