ሲኒያቸውን የሚደፉ እናቶች

ስለ ኩላሊት እጥበት ዋጋ ብዙ ተብሏል። ይህ እትም ግን ዓመታትን በማሽን የኖሩ አረጋውያን በውስጣቸው ምን እንደሚብሰለሰል ይጠይቃል።

እጥበቱ በአብዛኛው በሳምንት 3 ቀን፣ በእያንዳንዱም ቀን 4 ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ አቅም ያጠረው በ2 ቀን ይብቃቃል። በቀሪው ጊዜ ውኃ በልክ ነው፤ ቡናም ከውኃው ይቆጠራል። አቦል ቀምሰው ቶናና በረካው ሲቀዳ ሲኒያቸውን የሚደፉ እናት፣ ቀስ በቀስ ከጎረቤት ጨዋታም ይርቃሉ። ድካም፣ እንቅልፍ ማጣትና የምግብ ፍላጎት መቀነስ የኩላሊት ሕመምም የድባቴም ምልክቶች ስለሆኑ አንዱ በሌላው ይሸፈናል። አረጋውያኑም «ከፍቶኛል» አይሉም፤ «ሸክም ሆንኩባችሁ፤ ገንዘቡን ለልጆቹ ትምህርት አውሉት» ይላሉ። ይህን ትሕትና ነው ብሎ የሚያልፍ ቤተሰብ ያሳስበኛል።

ንቅለ ተከላስ? በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል፤ ለጋሹ ግን በአብዛኛው በሕይወት ያለ ዘመድ ነው። የልጁን ኩላሊት እሺ ብሎ የሚቀበል አባት (አባቶቻችንን እናውቃቸዋለን) ስንቱ ነው?

በገጾቹ ነርሶች፣ አስታማሚ ልጆችና ታካሚዎቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ከታካሚዎቹ ጀምሩ።