ዳናኔ የቀሩትን ማን ይጠይቅ?

ሰሞኑን ክፍል ውስጥ እንግሊዝ እስረኞቿን በመርከብ እየጫነች አውስትራሊያ በግዞት ትልክ እንደነበር ሳስተምር አንዱ ልጅ "ቲቸር፣ ከኛስ አገር የተጋዘ አለ?" አለኝ።

አለ እንጂ! ከ1929ኙ የየካቲት 12 ጭፍጨፋ በኋላ ፋሺስት ጣሊያን መኳንንቱን ባሕር አሻግሮ አዚናራ ደሴት ድረስ ወሰዳቸው። ሌላውን ሕዝብ በሺዎች፣ ሴትና ሕፃን ሳይለይ፣ ሶማሊያ ባሕር ዳር ወዳለው የዳናኔ እስር ቤት አጋዘው። ሙቀቱ፣ ረሃቡና በሽታው ስንቱን እዚያው አስቀረው።

እንግሊዝ በ80 ዓመት ወደ 160 ሺህ ሰው ልካለች። ስማቸው መዝገብ ላይ ስላለ ግን ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው "አያቴ የሰረቀው ይኼን ነው፣ የመጣበት መርከብ ይኼ ነው" ብለው በኩራት ያወራሉ። እኛ ያለ ጥፋታቸው የተጋዙትን እንኳ አብዛኞቹን በስም አናውቃቸውም። ጎንደር ፒያሳ የጣሊያን ሕንፃ ሥር ፎቶ መነሳቱን ግን እናውቅበታለን።

እስቲ ልጆች፣ ቤት ያሉትን አያቶች ጠይቁ። ከዘመድ የተጋዘ ካለ ስሙንና የተወሰደበትን ቦታ ደብተር ላይ ጻፉ። ነገ ጠያቂ ቢመጣ ነጋሪ አይገኝም።