ኮምፒውተሩ መጣ፤ የሚመራው ማን ነው?

በዚህ ሳምንት አንድ የግል ትምህርት ቤት ያወጣው የሥራ ማስታወቂያ እጄ ገባ። መደቡ «የትምህርት ቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ» ይላል። ለዓመታት በዚህ ዓምድ ስወተውት የኖርኩበት መደብ ነውና ደስ ብሎኝ ማንበብ ጀመርኩ። ወረድ ስል ተፈላጊው ችሎታ መጣ፦ የኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ፣ ኔትወርክ መዘርጋት፣ ፕሪንተርና ፎቶኮፒ መጠገን፣ የደኅንነት ካሜራ መቆጣጠር፣ የቴሌግራም ቻናሉን ማስተዳደር። የማስተማር ልምድ የሚል ከላይ እስከ ታች የለም። ተጠሪነቱ ደግሞ ለጠቅላላ አገልግሎት ነው።

ተናደድኩ። ጠቅላላ አገልግሎት ጥበቃውን፣ ጽዳቱንና ተሽከርካሪውን የሚያስተዳድር ክፍል ነው፤ ያለ እሱ ትምህርት ቤት አይውልም አያድርም። ነገር ግን የአምስተኛ ክፍል ልጅ ክፍልፋይን በስክሪን ቢማር ይሻለዋል ወይስ በጠመኔ የሚለውን ጥያቄ እዚያ ቢሮ ውስጥ ማን ይመልሰዋል?

የቆዩ አንባቢዎቼ ወዴት እንደምሄድ አውቃችሁታል፤ ወደ ፕላዝማ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የተሰቀለው ያ ሰፊ ስክሪን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ ለአገሩ ሁሉ በአንድ ሰዓት ያስተላልፍ ነበር። ተማሪ እጁን ቢያወጣ ስክሪኑ አይቆምለትም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ትምህርቱ ጥሎት ሄዷል። ዛሬ ፕላዝማን የሚያማው ብዙ ነው፤ ከሚያሙትም ብዙዎቹ «ቴክኖሎጂ ለእኛ አገር አይሆንም» ብለው ይደመድማሉ። ይህን ድምዳሜ አልቀበለውም፤ ስንፍና ነው። ፕላዝማን የጎዳው በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ «ይህን ዛሬ እንዝለለው፣ ያንን ነገ እንድገመው» የማለት ሥልጣን የነበረው አንድም ሰው አለመኖሩ ነው። ርእሰ መምህሩ መርሐ ግብሩን ተቀባይ ነበር፤ መምህሩም ከስክሪኑ ጎን ቋሚ።

አንድ የፊዚክስ መምህር አውቃለሁ። በዚያን ጊዜ ማንም ሳያዝዘው የመምህሩን መምሪያ ማታ ማታ ያነብና ጠዋት ተማሪዎቹ ከመግባታቸው በፊት በስክሪኑ የሚመጡትን ከባድ ቃላት ከነትርጉማቸው ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጽፎ ይጠብቃቸዋል። መብራት ሲጠፋ ከጠፋበት ቦታ ይቀጥላል፤ ምን ሊመጣ እንደነበር ያውቀዋልና። ቀስ በቀስ የኬሚስትሪዋም የሒሳቡም መምህራን «ጋሼ፣ እስቲ ለእኛም አሳየን» እያሉ በዕረፍት ሰዓት ይከቡት ጀመር። ኮምፒውተር ሲመጣም ቁልፉ እሱ እጅ ገባ። ከሰዓት በኋላ የኮምፒውተር ክፍሉን ከፍቶ መምህራኑን ያሠለጥናል፤ ቅዳሜም ይመጣል። ለዚህ ሁሉ አንድ ክፍለ ጊዜ አልተቀነሰለትም፤ አበል የለ፣ የደብዳቤ ምስጋና እንኳ የለ። ዛሬ ባንክ ውስጥ የሰው ኮምፒውተር ሲቆም ስልክ የሚያነሣ ባለሙያ ነው። ደመወዙ ተሻሽሏል፤ ልጆቹን ያሳድግበታል፤ አልፈርድበትም። ትምህርት ቤቱ ግን ያጣው አንድ የፊዚክስ መምህር ብቻ መስሎት ሌላ የፊዚክስ መምህር ቀጠረ።

የቴክኖሎጂ አመራር የምለው ይህ ሰውዬ ያለ ሹመት ሲሠራው የነበረውን ነው። የትኛው ትምህርት በማሽን እንደሚሻል የሚለይ፣ ባልደረቦቹን ሳያሳፍር የሚያሠለጥን፣ ነጋዴ ሶፍትዌር ይዞ ሲመጣ «ይህ አይጠቅመንም» ብሎ የትምህርት ቤቱን ባለቤት የሚሞግት፣ የተማሪው ውጤትና የወላጁ ስልክ ቁጥር በየቦታው እንዳይዘራ የሚጠብቅ ሰው። ጥገናውንስ? ጥገናውን ቴክኒሻን ይሥራ፤ ቴክኒሻኑም ለዚህ ሰው ተጠሪ ይሁን።

«ሰው ባይኖርም መሣሪያው ራሱ ያስተምራል» የሚል ክርክር ሲገጥመኝ ወንጪ ይጠቀስብኛል። የ«አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እ.ኤ.አ. በ2012 ለዓለም የተናገረለት ሙከራ ነው። ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ፣ ትምህርት ቤት በሌለባቸው መንደሮች፣ ታብሌቶች በካርቶን እንደታሸጉ ለልጆች ተሰጡ፤ አስተማሪ አልነበረም። ልጆቹ በደቂቃዎች ከፍተው አበሯቸው፤ በወራት ውስጥም የተዘጋውን ካሜራ ራሳቸው አስነሡ ተባለ። የልጆቹ ብልህነት እኔንም ያኮራኛል። ግን ታሪኩን የሚያወሩት ሰዎች አንድ ነገር ይዘላሉ፦ የፀሐይ ኃይል መሙያውን አጠቃቀም ለመንደሩ አዋቂዎች ያሳየ ሰው ነበር፤ በየሳምንቱም አንድ ቴክኒሻን እየሄደ የማስታወሻ ካርዱን ይለውጥ ነበር። ያለ ሰው ተደረገ የተባለው ሙከራም ሰው ነበረበት።

ገንዘቡ ያላቸውም ቢሆኑ መሣሪያን ከሰው ከማስቀደም ስሕተት አላመለጡም። ሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. በ2013 ለተማሪዎቿ ሁሉ አይፓድ ልታድል ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚጠይቅ ዕቅድ ጀመረች፤ ልጆቹ ወዲያው ገደቡን አልፈው የፈለጉትን ይከፍቱ ጀመር፤ በቀጣዩ ዓመት ዕቅዱ ተቋረጠ። ነገር ግን እዚያው አሜሪካ የትምህርት ቤት ቴክኖሎጂን መምራት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ኮስን የሚባለው የትምህርት ቤት ቴክኖሎጂ መሪዎች ማኅበር የሙያ ፈተና አዘጋጅቶ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ከመሪው የሚጠበቀውንም በሦስት ይከፍለዋል፦ አመራር፣ የትምህርትን ባሕርይ ማወቅ፣ ቴክኖሎጂውን ማስተዳደር። ማሽኑ ከሦስቱ አንዱ ብቻ ነው።

ወደ እኛ አገር የመምህራን የዕድገት መሰላል እንምጣ። ከጀማሪ መምህር ተነሥቶ በመለስተኛ፣ በመምህር፣ በከፍተኛና በተባባሪ መሪ መምህር አልፎ እስከ ከፍተኛ መሪ መምህር ይወጣል። በሌላ በኩል ርእሰ መምህርነትና ሱፐርቫይዘርነት አለ። የትምህርት ቴክኖሎጂን ለመምራት የሚፈልግ ጎበዝ መምህር የቱ ላይ ይውጣ? የሚቆምበት እርከን ስለሌለው ወደ ባንክ፣ ወደ ግብረ ሰናይ ድርጅት፣ ወደ ውጭ ይሄዳል። መምህርነትን ያዋረድነው በደመወዝ ብቻ አይመስለኝም፤ አንድ ሰው ሙያው ውስጥ እንዳለ አዲስ ነገር ሲችል የሚያድግበት በር ስለዘጋንም ነው። ይህ የአይሲቲ መምህሩን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ለመስማት የተሳናቸውን ልጆች በምልክት ቋንቋ ለማስተማር በራሷ ጊዜ የሠለጠነችውም መምህርት ያው ናት፤ ቤተ መጻሕፍቱን ከአቧራ ያወጣውም ያው ነው።

ጉዳዩ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀመረ። ማውዝ በወጉ ይዞ የማያውቅ ልጅ ዕድሉን በሚወስነው ቀን ከስክሪን ፊት መቀመጥ የለበትም። ያንን ልጅ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የሚያዘጋጀው በየትምህርት ቤቱ ኃላፊነት፣ ሥልጣንና ደመወዝ የተሰጠው ሰው ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ላይ «ስንት ኮምፒውተር አላችሁ?» ብላችሁ አትቀመጡ። የሚመራውን ሰው ስም ጠይቁ፤ አስተምሮ ያውቅ እንደሆነ ጠይቁ፤ ርእሰ መምህሩ ሲወስን ከጎኑ ይቀመጥ እንደሆነም ጠይቁ። መልስ ካላገኛችሁ በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲጻፍ አድርጉ።